«በተለየ ሁኔታ አሳሳቢ አገር» ምንድን ነው? ማዕቀብ አይደለም

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሃይማኖት ነፃነትን የሚመለከተውን የአገሮች ዝርዝር ባወጣ ቁጥር ያው አርዕስት ተመልሶ ይመጣል፦ «አሜሪካ በእነ እከሌ ላይ ማዕቀብ ጣለች»። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ «ኤርትራም ሳዑዲ ዓረቢያም ከ2004 ጀምሮ በሃይማኖት ምክንያት በአንድ ዓይነት ማዕቀብ ሥር ናቸው» ብለው በልበ ሙሉነት ሲናገሩ ሰማሁ። አይደሉም። ሁለቱ መንግሥታት «በተለየ ሁኔታ አሳሳቢ አገር» ተብለው የተፈረጁት በአንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ጉዳዩ የአነጋገር ስሕተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። የጥገኝነት ጥያቄ ይዤ ዳኛ ፊት የምቆም የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ ግን በዚህ ስሕተት ላይ ተስፋቸውን የጣሉ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው በቅርብ አያለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስያሜው የመጣው በ1998 ከወጣው የአሜሪካ የዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ነው። ሴኔቱ 98 ለ 0 በሆነ ድምፅ አሳልፎት ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ፈረሙበት። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ መንግሥት «በተለየ ሁኔታ አሳሳቢ» ተብሎ የሚፈረጀው እጅግ ከባድ የሆነ የሃይማኖት ነፃነት ጥሰት ሲፈጽም ወይም ሲፈጸም እያየ ዝም ሲል ነው። ጥሰቱ ስልታዊ፣ ቀጣይነት ያለውና ዓይን ያወጣ መሆን አለበት፤ ማሠቃየት፣ ክስ ሳይመሠረት ለረጅም ጊዜ ማሰር፣ ሰው መሰወርና የመሳሰለው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሥራት ፈቃድ ማጓተት፣ አስከፊ ቢሆንም፣ ብቻውን እዚህ ደረጃ አያደርስም። የሚፈረጀውም መንግሥት ነው እንጂ ሕዝብ ወይም ሃይማኖት አይደለም። ይህን ሳያስተውሉ «እስልምናን ፈረጁ»፣ «ኦርቶዶክስን ፈረጁ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ሳያስቡት እሳት ላይ ጭድ ይጨምራሉ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነጥብ ልግባ። ፍረጃና ማዕቀብ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። የአገራችንን የወንጀል ችሎት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ዳኛው መጀመሪያ «ጥፋተኛ ነህ» ይላል፤ ቅጣቱ ግን የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ለብቻው ነው። ጥፋተኛ የተባለ ሁሉ ወኅኒ አይወርድም። ቅጣቱ በገደብ የሚቆይለት አለ። በሌላ ወንጀል አስቀድሞ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሆኖ አዲሱ ቅጣት በቀድሞው የሚዋጥለት፣ በተግባር አንድ ቀን እንኳ የማይጨመርበትም አለ። ፍረጃ እንግዲህ የጥፋተኝነት ፍርዱ ነው። ማዕቀብ፣ ካለ፣ የቅጣት ውሳኔው ነው።

ሕጉ ከቀላል እስከ ከባድ የተደረደሩ 15 እርምጃዎችን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው በዝግ በር የሚቀርብ የዲፕሎማሲ ተቃውሞ ነው። ይፋዊ ውግዘት፣ የሳይንስና የባህል ልውውጥ ማቋረጥ፣ የመሪዎች ጉብኝት መሰረዝ እያለ ይወጣና የእርዳታ መቋረጥ፣ የብድርና የወጪ ንግድ ፈቃድ ክልከላ ድረስ ይደርሳል። የተፈረጀ መንግሥት ከከባዶቹ አንዱ ወይም ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ እርምጃ ሊወሰድበት ይገባል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ሦስት መውጫ በሮችን ከፍቷል፦ ከመንግሥቱ ጋር አስገዳጅ ስምምነት መፈራረም፣ ቀድሞ የነበረን ማዕቀብ እንደ ቅጣቱ መቁጠር፣ ወይም «የአሜሪካ ጠቃሚ ብሔራዊ ጥቅም» ተብሎ ቅጣቱን ማንሳት።

እነዚያ በ2004 በአንድ ቀን የተፈረጁ መንግሥታት ሦስት ነበሩ፦ ኤርትራ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬትናም። የሕጉን አሠራር ከእነሱ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የኤርትራ መንግሥት በ2002 ከአራት የእምነት ተቋማት፣ ማለትም ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያንና ከሱኒ እስልምና ውጭ ያሉትን ዘግቶ ነበር። የይሖዋ ምስክሮች ደግሞ ገና በ1994 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ዜግነታቸውን ተገፍፈዋል። ከፍረጃው አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ኮንዶሊዛ ራይስ ቅጣቱን አስታወቁ፦ የመከላከያ መሣሪያዎችና አገልግሎቶች ከአሜሪካ ለኤርትራ በንግድ እንዳይሸጡ። እውነተኛ ማዕቀብ ነው፤ በዚህ ሕግ አማካይነት ለሃይማኖት ጉዳይ ተብሎ ለብቻው ሲጣልም የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን አስመራ ከኢትዮጵያ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ ያሰለፈቻቸው ሚግ 29 አውሮፕላኖች ከወዴት እንደመጡ እናውቃለን፤ ከአሜሪካ አልነበረም። ከእርስዎ ሱቅ የማይገዛን ሰው «ከእንግዲህ አልሸጥልህም» ማለት ምን ያህል ያስጨንቀዋል? በዚያው ዓመት ራሱ የኤርትራ መንግሥት የአሜሪካ የልማት ድርጅት ከአገሩ እንዲወጣ ጠይቆ ስለነበር የሚቋረጥ እርዳታ እንኳ ብዙ አልቀረም። ፓትርያርኩ አቡነ አንጦንዮስ ከመንበራቸው የተነሡት ማዕቀቡ ከተጣለ በኋላ ነው፤ በ2022 እስኪያርፉ ድረስም ከቁም እስር አልወጡም።

ሳዑዲ ዓረቢያስ? በመጀመሪያ የ180 ቀን ጊዜ ተሰጣት፤ በ2006 ቅጣቱ ላልተወሰነ ጊዜ ተነሣላት። ምክንያቱ፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ አገላለጽ፣ ሪያድ በግል ቤት የሚደረግ አምልኮን ማክበርና የሃይማኖት ፖሊሱን አደብ ማስገዛት ፖሊሲዋ መሆኑን ማረጋገጧ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በ2011 መጨረሻ ጅዳ ከተማ፣ በአንድ የግል ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በፖሊስ ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። የተሰጠው ምክንያት «ወንድና ሴት ያለ አግባብ መቀላቀል» የሚል ነበር። ሴቶቹ በእስር ቤት ክብራቸውን የሚያዋርድ የአካል ፍተሻ እንደተደረገባቸው ሂውማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። በቀጣዩ ዓመት ከአገር ተባረሩ። በልመና ሳይሆን በላባቸው ሊያድሩ የሄዱ፣ በሰው አገር በር ዘግተው የጸለዩ እኅቶቻችን ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ ያኔም በተፈረጁት አገሮች መዝገብ ላይ ነበረች፤ ቅጣቱም ያኔ ተነሥቶላት ነበር፤ ከዚያ በኋላም እንደተነሣላት ቀጠለ። «ሳዑዲ በሃይማኖት ምክንያት ማዕቀብ ተጥሎባታል» የሚለውን ወሬ ስሰማ የምቆጣው ስለዚህ ነው።

ምሳሌዬም የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ችሎት ዳኛው ከተከሳሹ ነዳጅ አይገዛም፤ የጦር ሰፈርም አይለምነውም። እዚህ ግን ፈራጁና ተፈራጁ ደንበኛሞች ናቸው። ተከሳሹ ቀርቦ መልስ አይሰጥም፣ ይግባኝ የለም፣ ፍርዱ የሚያርፈውም ደንበኝነቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ተሰልቶ ነው። አዲሱ ቅጣት በቀድሞው መዋጡን ካላመናችሁ ቻይናን ተመልከቱ። በ1999 በመጀመሪያው ዙር ስትፈረጅ አዲስ ነገር አልተጫነባትም፤ በ1989 በቤጂንግ ቲያናንመን አደባባይ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ የተጣለው፣ ለፖሊስ ሥራ የሚውሉ መሣሪያዎች እንዳይሸጡላት የሚከለክለው ሕግ ለሃይማኖቱም ቅጣት ተደርጎ ተቆጠረ።

ሌላው መደናገር ሦስት የተለያዩ ሰነዶችን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት የዓለምን አገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይዳስሳል፤ ኢትዮጵያም ኖርዌይም እዚያ ውስጥ ምዕራፍ አላቸው፤ በውስጡ መገኘት ክስ አይደለም። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ኮሚሽን የሚባለው ደግሞ ዘጠኝ አባላት ያሉት ገለልተኛ አማካሪ አካል ነው፤ እገሌ ይፈረጅ ብሎ ምክር ያቀርባል፣ በዚያው ያበቃል። በችሎቱ ቋንቋ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አይፈርድም። ኮሚሽኑ ከ2020 ጀምሮ ህንድ እንድትፈረጅ በየዓመቱ ሲወተውት ኖሯል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ፈርጇት አያውቅም። በየዓመቱ «አሜሪካ ህንድን ፈረጀች» ብለው የሚዘግቡ ሰዎች የዐቃቤ ሕግን ማመልከቻ እንደ ፍርድ እያነበቡ ነው። ሦስተኛው ሰነድ ብቻ፣ የሚኒስትሩ ውሳኔ፣ ፍረጃ ነው። ኢትዮጵያ እስከ አሁን በዚያ መዝገብ ላይ ተጽፋ አታውቅም። በ2016 በወጣው ማሻሻያ የተጨመረው «ልዩ ክትትል የሚደረግባቸው» የሚለው ዝርዝር ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቅጣት አያስከትልም።

ከራሴ ሙያ የምጨምረው አለ፤ ባልጠየቅም እናገረዋለሁ፤ ሰው እየተጎዳበት ነውና። ብዙ ጊዜ አንድ ጠያቂ ወፍራም ዶሴ ይዞ ይመጣል። ገልጬ ሳየው አብዛኛው ከዓመታዊ ሪፖርቱ የታተመ ገጽ ነው፤ «በተለየ ሁኔታ አሳሳቢ» የሚለው ሐረግ በቢጫ ቀለም ተቀልሟል። የራሱ የምስክርነት ቃል ግን አንዲት ስስ ወረቀት ናት፦ «በእምነቴ ምክንያት ብዙ መከራ ደርሶብኛል»። የት ታሰርክ? ማን ያዘህ? መጽሐፍ ቅዱሱን ወይም ቁርዓኑን ከየት አወጡት? ከአንተ ጋር የታሰረው ማን ነበር? ከዚህ አንዱም የለም። ዳኛው ስለ አገሩ ሁኔታ የቀረበውን ማስረጃ ይቀበላል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ስለ አንተ ይጠይቃል። የአገር መፈረጅ የግለሰብን ታሪክ ይደግፋል እንጂ አይተካም። ደግሞም ሰይፉ ባለ ሁለት ስለት ነው። ሱዳን በ2019 ከፍረጃው ወጥታ ወደ ክትትል ዝርዝሩ ስትወርድ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያ ስትወጣ፣ የመንግሥት ጠበቃ «ሁኔታው ተሻሽሏል» የሚልበት ወረቀት አገኘ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ብቻ የቆመ ጉዳይ መዝገቡ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። አገሬ እስክትፈረጅ ልጠብቅ የሚል ሰው ደግሞ አለ፤ አትጠብቁ። በአሜሪካ የጥገኝነት ማመልከቻ በመርሕ ደረጃ የሚቀርበው አገር ውስጥ በገቡ በአንድ ዓመት ጊዜ ነው፤ የተለዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ዜና መጠበቅ ከእነሱ ውስጥ አይቆጠርም።

ይህን ሁሉ ስል «እንግዲያው ፍረጃ ከንቱ ነው» የሚል ሌላ አስተያየት ሰጪ ከወዲያ በኩል እንደሚነሣ አውቃለሁ። እሱም ተሳስቷል፤ ምክንያቱ ደግሞ የሦስቱ የመጨረሻዋ ቬትናም ናት። በቬትናም ማዕከላዊ ደጋማ ክልል በ2001 በመቶዎች የሚቆጠሩ የፕሮቴስታንት የጸሎት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ምእመናን እምነታቸውን እንዲክዱ ይገደዱ ነበር። ሃኖይ ስትፈረጅ የሚያስጨንቃት ነገር ነበራት፦ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል መሆን፣ ከአሜሪካ ጋር ቋሚ መደበኛ የንግድ ግንኙነት ማግኘት፣ በ2006 የእስያና የፓስፊክ መሪዎችን ጉባኤ ያለ እንከን ማስተናገድ ትፈልግ ነበር። የአሜሪካ የሃይማኖት ነፃነት አምባሳደር ጆን ሃንፎርድ ይህን ይዘው ተደራደሩ። በሜይ 2005 ስምምነት ተደረሰ፤ ከሕጉ መውጣት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። እምነትን በግዳጅ ማስካድ የሚከለክል መመሪያ ወጣ፣ የታወቁ የሃይማኖት እስረኞች ተፈቱ፣ የተዘጉ የጸሎት ቤቶች መከፈት ጀመሩ። ቬትናም በኖቬምበር 2006፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለጉባኤው ሃኖይ ሊገቡ ቀናት ሲቀሩ፣ ከመዝገቡ ወጣች። ጫናው የሠራው ተጫኙ የሚፈልገው ነገር በተጫኙ እጅ ሳይሆን በጫኙ እጅ ስለነበረ ነው። ሆኖም መዝገቡ ሲዘጋ እጁም ላላ፤ ሃኖይ በ2022 «ልዩ ክትትል የሚደረግባቸው» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብታለች።

የሕጉ ክንድ ደግሞ በመዝገቡ በኩል ብቻ አይዘረጋም። እጅግ ከባድ ጥሰት የፈጸመ የውጭ ባለሥልጣን ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ አለበት። በ2005 ናሬንድራ ሞዲ፣ ያኔ የህንዷ የጉጃራት ግዛት ዋና ሚኒስትር ሳሉ፣ ከ2002ቱ የጉጃራት የሃይማኖት ግጭት ጋር በተያያዘ በዚሁ አንቀጽ ቪዛ ተነፈጉ፤ አገራቸው ህንድ ግን በመዝገቡ የለችም። በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ በሩ ተከፈተላቸው።

አንድ የቀረ አለ፤ ዘጋቢዎች ፈጽሞ የማይነኩት። ፍረጃው ራሱ እስኪነሣ ድረስ ይጸናል፤ በፍረጃው ምክንያት የተወሰደው እርምጃ ግን ተለይቶ ካልታደሰ በሁለት ዓመት ያበቃል። አንድ መንግሥት ቅጣቱ ጊዜው አልፎበት ስሙ ብቻ በመዝገቡ ላይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ የአገሮቹን ስም አንብባችሁ አትዝጉት። ውሳኔው በአሜሪካ መንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ ሲታተም ከእያንዳንዱ አገር ስም ጋር የተወሰደው እርምጃ ይጻፋል፤ አዲስ ክልከላ፣ የነባር ማዕቀብ መቀጠል ወይም ለብሔራዊ ጥቅም ሲባል መነሣት ተብሎ። አርዕስት ከመጻፋችሁ በፊት እሱን አንብቡ።