የወሎ የገጠር አይሮፕላን ማረፊያዎች

ዛሬ በወሎ የመንገደኛ አይሮፕላን የሚያርፍባቸው ኮምቦልቻና ላሊበላ ናቸው። ቀደም ሲል ግን ሣርና ጠጠር ብቻ ለብሰው ያገለገሉ፣ ኋላም የተተዉ ሌሎች ሜዳዎች ነበሩ።

የደሴ ሰው አይሮፕላንን በደንብ ያወቀው በክፉ ቀን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ሳሉ የጣሊያን አይሮፕላኖች ቦምብ አዘነቡባት፤ ሆስፒታሉም አልተረፈም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበበች ስለሆነች ለማረፊያ የተመረጠው ከእሷ ቁልቁል ያለው የኮምቦልቻ ሜዳ ሆነ። የኮምቦልቻ ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያ እስከ ዛሬ ከደሴ ስም የተወሰደው ዲ ኤስ ኢ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት፣ ሁለት ሞተር ያለው ዲሲ 3 በየጠቅላይ ግዛቱ ገጠር ያርፍ ነበር። ለዚህ አይሮፕላን አስፋልት ግዴታ አልነበረም። ድንጋዩ ተለቅሞ የተደለደለ ሜዳ፣ ጠርዙን የሚያሳዩ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮችና የነፋስ አመልካች ከረጢት ይበቁታል። አይሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ከብቱን ከሜዳው የሚያባርር ሰው ደግሞ የግድ ነው። በወሎው ቦረና ውስጥ ያለችው መካነ ሰላም ኤም ኬ ኤስ የሚል ዓለም አቀፍ መለያ ያገኘችው በዚህ ዓይነት ሜዳ ነው። ምዕራብ ወሎን ዓባይና በሽሎ ከነገባሮቻቸው ቆራርጠውታል፤ በክረምት ጭቃ ከደሴ ወደዚያ መውጣት ለመኪና ፈተና ነበር። በአየር ግን መንገዱ ከሰዓት በታች ነው።

ደጋው ለአብራሪ አይመችም። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል፤ አይሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ወይም ጭነት ይቀነሳል። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ሣሩ ይረሰርሳል። የላሊበላው የጥንት ሜዳ እንኳ በክረምት ይዘጋ ነበር፤ ጎብኚ የሚመጣው በበጋ ነው።

በ77ቱ ድርቅ እነዚህ ሜዳዎች የሞት ሽረት ጉዳይ ሆኑ። የቆረም የረሃብ መጠለያ በቢቢሲ ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ቆረም ተራራ ላይ ስለሆነች ለአይሮፕላን የሚመቸው ከታች ያለው የአላማጣ ሜዳ ነው፤ አላማጣም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከዚያ ወዲያ እህሉ በጠመዝማዛው አቀበት በመኪና ይወጣል። ማረፊያ በሌለበት ደጋ ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን አየር ኃይሎች ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው ያለ ጃንጥላ ከረጢት ይጥሉ ነበር። ከረጢቱ ሲያርፍ እንዳይፈነዳ በሌላ ከረጢት ይደረባል። የመጣያ ቦታውን ቀድመው የሚያዩት የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። ከዚያ ዘመን የአየር ሥራ ሁሉ ይህኛው ከማንኛውም የላቀ የአብራሪነት ሙያ የታየበት ይመስለኛል።

ሜዳዎቹ የተተዉት በአንድ ውሳኔ አይደለም። ዲሲ 3 አረጀ፤ ተተኪዎቹ ትልልቅ አይሮፕላኖች አስፋልት፣ አጥርና የእሳት አደጋ መኪና የሚሹ ሆኑ። መንገድ ሲገባ ደግሞ በአውቶቡስ ዋጋ የሚሄድ መንገደኛ ለአይሮፕላን አይከፍልም። በወሎ ደጋ ሜዳ ብርቅ ስለሆነ እንዲህ ያለ መሬት ጦም አያድርም፤ ግጦሽ፣ የኳስ ሜዳ ወይም የከተማ ማስፋፊያ ይሆናል።

ኮምቦልቻና ላሊበላም ቢሆኑ በሰሜኑ ጦርነት በረራቸው ተቋርጦ ነበር፤ የላሊበላውን የየዓመቱ የገና ምዕመንና ጎብኚ፣ የኮምቦልቻውን የደሴ ተጓዥና የፋብሪካ ነጋዴ ይጠብቃቸው ስለነበር ተጠግነው ወደ ሥራ ተመለሱ።