ታክ፦ በካይት ፎይል ላይ ነፋስን ፊት ለፊት አቋርጦ መዞር

ታክ በካይት ፎይል፣ ማለትም ካይት በሚባል በገመድ በተያዘ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ነፋስ በሚጎትተው፣ ከስሩም ክንፍ ባለው የውኃ ሰሌዳ የሚጋልብ ሰው የሰሌዳውን አፍንጫ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አሳልፎ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚዞርበት ስልት ነው። ጃይብ የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በእሱ አፍንጫው የሚያልፈው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነው። ሁለቱም አቅጣጫ ያስቀይራሉ። ልዩነቱ በጃይብ የዞረ ሰው ወደ ነፋሱ መሄጃ መውረዱ፣ በታክ የዞረው ግን የወጣውን ርቀት ይዞ መቀጠሉ ነው።

ነፋስ የሚጎትተው ሰሌዳ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መምጫ ሊሄድ አይችልም። ጋላቢው አንዴ በሰያፍ ወደ ቀኝ፣ አንዴ በሰያፍ ወደ ግራ እያለ ነው የሚወጣው። ሊማሊሞን በመኪና የወጣ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ መንገዱ ተራራውን ፊት ለፊት አይገጥመውም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚያሸንፈው። እያንዳንዱ ኩርባ እዚህ አንድ ታክ ነው፤ ኩርባው ላይ የወደቀ ጋላቢ ያገኘውን ከፍታ መልሶ ይከስራል።

ፎይሉ ከሰሌዳው ስር ወደ ውኃ የሚወርድ ቀጭን ምሰሶና ጫፉ ላይ የተገጠሙ የፊትና የኋላ ክንፎች ናቸው። ፍጥነት ሲገኝ ክንፉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ሽቅብ ይገፋል፣ ሰሌዳውም ከውኃው በላይ ይነሳል። ውኃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በጣም ትንሽ ክንፍ ሰው ይሸከማል። ይሁንና ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ፣ የክንፉ ዘንበል ካልተለወጠ፣ የመሸከም አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። የታክ ችግር በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሰሌዳው ነፋሱን ፊት ለፊት በሚያይበት ቅጽበት ወደፊት የሚጎትተው ነገር የለም፤ ፍጥነቱ እያለቀ ነው፤ ጋላቢው ግን ገና በክንፉ ላይ ቆሟል።

ብዙ ጀማሪዎች ታክን የእግር ሥራ አድርገው ይይዙታል። መጀመር ያለበት ግን ከእጅ፣ ማለትም ካይቱን ከመምራት ነው። አሠልጣኞች የካይቱን ቦታ በግድግዳ ሰዓት ይገልጹታል፤ ልክ ከራስ በላይ ያለው 12 ነው፣ በግራ 10፣ በቀኝ 2። የሚፈለገው የቁጥሮቹ አቀማመጥ ስለሆነ በሀበሻ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው ከሚለው ጋር አይገናኝም። ወደ ቀኝ የሚሄድ ጋላቢ ካይቱን ከ1 ተኩል አካባቢ በዝግታ ወደ 12 ያነሳል፤ ካይቱ መውጣት ሲጀምር ሰሌዳውንም በሰፊ ቅስት ወደ ነፋሱ መምጫ ያጥፋል። ካይቱ ከራስ በላይ ሲደርስ ወደፊት መጎተቱ ቀርቶ ሽቅብ ያነሳል። በዚህ ጊዜ የሰውየው ክብደት በከፊል ወገቡ ላይ ከታጠቀው መታጠቂያ ይንጠለጠላል፤ ፍጥነቱ የቀነሰው ፎይልም የሚሸከመው ያንስለታል። ታክን የሚያስችለው ይህ ነው። ቀጥሎ ካይቱ 12ን አልፎ ወደ 10 ተኩል ይወርዳል፣ አዲሱ ጉተታም ሰሌዳውን በአዲሱ አቅጣጫ ያስወነጭፈዋል።

ስህተቶቹም ከዚሁ ይነበባሉ። ካይቱ ከዘገየ ሰሌዳው አፍንጫውን ነፋሱ ላይ እንደደገነ ይቆማል። ካይቱ ከቸኮለ ወይም ሰሌዳው በድንገት ከታጠፈ፣ ጋላቢው ከካይቱ እየራቀ ስለሆነ ገመዶቹ ይወጠሩና ጀርባውን ይዘው ከሰሌዳው ላይ ይነቅሉታል። ሌላው፣ ካይቱ ክብደት ሲያቀልለት ፎይሉ በድንገት ሽቅብ ወጥቶ ከውኃ ሊያመልጥ ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ የፊት እግርን ጫን ማድረግ ነው። ዓይንም ወደሚሄዱበት እንጂ ወደ እግር መውረድ የለበትም፤ ጭንቅላት ሲያቀረቅር ትከሻ ይከተለዋልና።

እግር ሳይቀየር የሚደረግ ታክ ሁለት መልክ አለው። ፊቱን ወደ ካይቱ አድርጎ በተለመደው አቋቋም የገባ ሰው ሲጨርስ ጀርባውን ለካይቱ ሰጥቶ፣ ወገቡን ጠምዝዞ ይገኛል። በተጠማዘዘው አቋቋም የገባ ደግሞ በተመቸው አቋቋም ይወጣል። አጨራረሱ ስለሚቀል ሁለተኛውን አስቀድሞ መሞከር ይሻላል፤ ይህ ግን በተጠማዘዘ አቋቋም ረጅም ርቀት መሄድን አስቀድሞ ይጠይቃል። እግር መቀየር የመጨረሻው ትምህርት ነው። መጀመሪያ ላይ ሰሌዳው በመዞሪያው መካከል ውኃ ቢነካና እንደገና ቢነሳ ምንም ነውር የለበትም።

ተወዳዳሪዎች ግን ያ መንካት ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ካይት በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በፓሪስ 2024 ሲሆን ውድድሩ የተካሄደው በማርሴይ ባሕር ላይ ነበር። በሴቶች የብሪታንያዋ ኤሊ አልድሪጅ፣ በወንዶች የኦስትሪያው ቫለንቲን ቦንቱስ ወርቅ ወሰዱ፤ የሲንጋፖሩ ማክስ ሜደር በ17 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። ከነፋስ ተቃራኒ ወደተተከለው ምልክት በሚወጡበት ጊዜ እነዚህ ጋላቢዎች ከውኃው በላይ እንደተንሳፈፉ ይዞራሉ፣ እግራቸውንም እዚያው ይቀይራሉ።

ለመለማመጃ ከ12 እስከ 18 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ22 እስከ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ የማይቆራረጥ ነፋስ ይመረጣል። ጀማሪ ካይተኞች የሚወዱት ጉልበት የሚደርስ ሐይቅ ለፎይል አይሆንም፤ ምሰሶው ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ክንፉ ከመሬት ጋር ይላተማል። የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ይደረጋል። መውደቅ ካልቀረ ደግሞ ክንፉ ካለበት ርቆ፣ ሰሌዳውን በእግር ገፍቶ መውደቅ ነው፤ የክንፉ ጠርዝ ቆዳን ይቆርጣል።