የጋራ ቆጣሪ ምንድነው? ለምንስ አከራይና ተከራይን ያጣላል?

አቧሬ፣ ቂርቆስ፣ ተክለሃይማኖት፣ ጌጃ ሰፈር፣ ባጠቃላይ መሀል ከተማ ባለ የድሮ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሚያከራይ ሰው ስለ ተከራዩ ሲያማርር ካዳመጣችሁ ወሬው ብዙ ጊዜ ኪራይ አልከፈለኝም በሚል አይጀምርም። ኪራዩንማ ከፍሏል። ወሬው ሚጀምረው «ሌሊቱን ሙሉ መብራት አያጠፋም»፣ «በየሁለት ቀኑ ነው ምትጋግረው»፣ «ፍሪጅ የለኝም ብሎ ገብቶ በሁለተኛው ወር በሌሊት ፍሪጅ አስገባ» በሚል ነው። ተከራዩን ብትጠይቁት ደሞ «እትዬ ቦይለራቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ሰክተው ሂሳቡን ለኛ ያካፍሉናል» ይላችኋል። ሁለቱም ሚያወሩት በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው አንድ ሳጥን ነው።

የጋራ ቆጣሪ ማለት በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ (ብዙ ጊዜ በባለቤቱ፣ አንዳንዴም ካረፉ ስንት ዓመት በሆናቸው አባት ስም) አንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሆኖ ከኋላው ግን ሁለት ሦስት አራት ቤተሰብ ሚጠቀምበት ማለት ነው። ግቢው ሲሰራ ለአንድ ቤተሰብ ነበር የተሰራው፣ ከጓሮ ያሉት ክፍሎች ኩሽና፣ የሠራተኛ ክፍል፣ እቃ ቤት ምናምን ነበሩ፣ በኋላ ኑሮ ሲከብድ ተለስነውና ኮርኒስ ተደርጎላቸው ተከራዩ፣ መብራቱ ግን ከትልቁ ቤት በተጎተተ ሽቦ ነው ሚሄደው። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያ ግቢ እስከዛሬ አንድ ደንበኛ ነው። ማን ስንት ተጠቀመ ሚለው ጉዳይ የነሱ አደለም፣ ቢሉ አንድ ነው፣ ከፋዩም አንድ ነው።

እዚ ላይ ብዙ ሰው ሚያልፈው ነገር አለ፣ እሱም ታሪፉ። የመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ እርከን አለው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ። ከ2017 በፊት በነበረው ታሪፍ የታችኛው እርከን ወደ 27 ሳንቲም ሲሆን የላይኛው ወደ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፣ ማለትም ዘጠኝ እጥፍ ገደማ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደሞ አዲሱ ታሪፍ ገባ፣ እሱም አንዴ ጨምሮ ሚቆም ሳይሆን ለ4 ዓመት በየ3 ወሩ ከፍ እያለ ሚሄድ ነው።

አሁን አንድ ላጤ አስቡ። ሁለት ኤልኢዲ አምፖል፣ አንድ ቲቪ፣ ስልክ ቻርጅ፣ በቃ። ይሄ ሰው ብቻውን ቆጣሪ ቢኖረው ምንም ቢያደርግ ከመጀመሪያው እርከን አይወጣም፣ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው። የጋራ ቆጣሪ ውስጥ ሲገባ ግን የሱም 15 ከነአከራይዋ ምጣድ፣ ከነጎረቤቱ ምድጃ፣ ከነቦይለሩ ጋር ተደምሮ ግቢው በሙሉ 400 እና 500 እርከን ላይ ይወጣል፣ ያ ላጤ ሚካፈለው የውዱን ዋጋ ነው። ስለዚ «አንድ አምፖል አብርቼ ይሄን ሁሉ?» ሲል እያጭበረበረ አደለም፣ እውነቱን ነው። አከራይዋም «ቢሉ ይኸው፣ እኔ ሳንቲም አልጨመርኩም» ስትል እውነቷን ነው። ለዛ ነው ይሄ ፀብ በሽማግሌ ማያልቀው።

ምጣዱን ለብቻው እንየው ምክንያቱም የፀቡ ግማሽ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፣ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። 10 ዋት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በወር ሚፈጀው 1.5 ነው። ማለትም የአንድ ቀን ጋገራ የአንድ አምፖል ከ4 ወር በላይ ፍጆታ ነው። እና እስቲ ንገሩኝ፣ «መብራት አጥፉ እንጂ!» እያለች ማታ ማታ በረንዳ ላይ ምትጮኸው አከራይ ምን እያዳነች ነው? አምፖል ላይ መጣላት ዋጋ የለውም። እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ምታስረክብ ተከራይ ከሆነች ደሞ ሂሳቡ ሌላ ነው፣ በቀን 5 ሰዓት በወር 26 ቀን ብትጋግር 455 ኪሎዋት ሰዓት ብቻዋን ትፈጃለች፣ ግቢውን በሙሉ ይዛ ላይኛው እርከን ላይ ትወጣለች። ሰው ሰርቶ ቢበላ ማንም አይጠላም፣ ግን ይሄ ንግድ ነው፣ ለመኖሪያ በተፃፈ ውል ውስጥ ዝም ተብሎ ሚታለፍ አደለም፣ ሲገቡ በግልፅ መነጋገር ነው።

ሰዉ እንዴት ነው ሚያካፍለው ካላችሁ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ እንደየግቢው ነው። አንዳንዱ በሰው ቁጥር ያካፍላል፣ ይሄ ፍትሃዊ ይመስላል ግን የስድስት ወር ህፃን ሰው ነው ወይስ አደለም ሚለው ክርክር ይመጣል፣ ከክፍለ ሀገር ለህክምና የመጣ ዘመድ ሦስት ሳምንት ሲቆይ ይቆጠራል ወይ ይባላል፣ አከራይ የተከራይ እንግዳ መቁጠር ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ እዛ ግቢ ውስጥ ሰላም የለም። ሌላው በቤት ቁጥር እኩል ይካፈላል፣ ይሄ ቆጣቢውን ይቀጣል፣ ቆጣቢው ይሄን ሲያይ እሱም ምድጃ ገዝቶ ይገባል። በእቃ ሚያስከፍሉም አሉ፣ ለፍሪጅ ይሄን ያህል፣ ለምጣድ ይሄን ያህል፣ ለካውያ ይሄን ያህል እያሉ። ይሄኛው ለኔ ከሁሉም የከፋ ነው ምክንያቱም አከራዩን ጉምሩክ ያደርገዋል፣ ሚገባ ሚወጣ ካርቶን መፈተሽ፣ በመስኮት ማየት፣ ልጆቹን «ማሚ ስቶቭ ገዛች እንዴ?» ብሎ መጠየቅ። ተከራይ እቃ ሚደብቀው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ደንቡ ራሱ ደብቅ ስለሚል ነው።

አራተኛው «ከነመብራትና ውሃው» ነው፣ ኪራዩ ውስጥ ተጠቃሎ። ድሮ ይሄ ጥሩ ነበር፣ ጭቅጭቅ የለም፣ ቢሉ ከፍ ሲል ባለቤቱ በሚቀጥለው ወር ኪራይ ይጨምራል አለቀ። አሁን ግን ጊዜው ተቀይሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በፅሁፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፣ የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራይ ሚጨመረው ደሞ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። እና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ መብራት በየ3 ወሩ ይጨምራል፣ ኪራይ በዓመት አንዴ፣ እሱም በተወሰነ ልክ። «ከነመብራቱ» ብሎ ለሁለት ዓመት የፈረመ አከራይ የታሪፉን ጭማሪ በሙሉ ራሱ ነው ሚሸከመው፣ ልጨምር ካለ ደሞ «ኪራይ ጨመረብኝ» ብሎ ወረዳ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚ መብራት ከኪራይ ተነጥሎ፣ እንዴት እንደሚሰላም ተጠቅሶ ውሉ ላይ ይፃፍ። ያው ብዙ ሰው ውል ሲፃፍ ስለ ግድግዳ ቀለምና ስለ ቁልፍ ብዛት ተጨንቆ ይሄን ይረሳዋል።

መፍትሄው ለየቤቱ ከዋናው ቆጣሪ ኋላ ትንሽ የራሱ ቆጣሪ ማስገጠም ነው። መብራት ኃይል ሚያውቀው አደለም፣ የግቢው የውስጥ መለኪያ ነው፣ መርካቶ የኤሌክትሪክ እቃ መሸጫዎች ጋ ይገኛል፣ ደህና ኤሌክትሪሺያን ይገጥመዋል። ወጪው ያሳሳል፣ ግን አንድ ተከራይ ተጣልቶ ወጥቶ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ ሚጠፋውን አስቡት። ሂሳቡ እንደዚ ነው፦ እንበልና (ቁጥሩ ለማስሊያ ያህል ነው) ዋናው ቆጣሪ 480 ኪሎዋት ሰዓት አንብቦ ቢሉ 2400 ብር መጣ፣ ሲካፈል አንዱ 5 ብር ሆነ። የተከራዮቹ ትንንሽ ቆጣሪዎች 60፣ 90 እና 150 ካነበቡ 300፣ 450 እና 750 ብር ይከፍላሉ። የቀረው 180 የባለቤቱ ነው፣ የግቢው አምፖልም ሽቦ ላይ ሚባክነውም እዛ ውስጥ አለ፣ እሱ 900 ብር ይከፍላል። አዎ፣ ባለቤቱም ይከፍላል! ይሄን ማይወዱ አከራዮች አሉ፣ የነሱን ፍጆታ ተከራይ ላይ በትነው ለዓመታት የኖሩ፣ ቆጣሪ ሲገጠም መጀመሪያ ሚደነግጡት እነሱ ናቸው።

ይሄም ቢሆን የላጤውን ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈታም፣ 60 ብቻ የተጠቀመው በአማካይ ዋጋ ስለሚከፍል ለብቻው ቢሆን ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። ሙሉ መፍትሄው ለየቤቱ ከአገልግሎቱ ራሱ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ነው፣ እሱ ግን ማመልከቻ፣ የይዞታ ሰነድና ትዕግስት ይፈልጋል። እስከዛው ትንሽ ለሚጠቀመው ትንሽ መቀነስ ይቻላል፣ ቁጥሩ በግልፅ ከታየ ሰው አይከራከርም። ቢሉን ደብቆ «የናንተ 700 ብር ነው» ማለት ነው እሳቱን ሚያነደው፣ ቢሉን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሁሉም መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የካርድ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ደሞ የራሱ ድራማ አለው። ካርዱ ሚያልቀው ሁሌ ቅዳሜ ማታ ነው (ለምን እንደሆነ አላውቅም)፣ ሁሉም በጨለማ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ማን ቀድሞ ይሞላል ተብሎ ይጠበቃል፣ መጨረሻ ላይ ፍሪጅ ውስጥ ስጋ ያለው ሰው ተሸንፎ ይሞላል። እዚ ላይ ያለው መላ ሁሉም በወር መጀመሪያ እኩል አዋጥቶ በአንድ ሰው እጅ መሙላት፣ ከዛ በትንንሾቹ ቆጣሪዎች ንባብ በወሩ መጨረሻ ማስተካከል ነው።

ስለ ሽቦው አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ይሄ ከብር በላይ ነው። አንድ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰኩ 32። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይሄ ሲጫን ብሬከሩ ይወድቃል፣ ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር ደሞ አንድ «ጎበዝ» መጥቶ በትልቅ ይቀይረዋል፣ ከዛ በኋላ ሚወድቅ ብሬከር የለም፣ ሚግል ሽቦ ነው ያለው፣ ከላዩ ደሞ የማዳበሪያ ኮርኒስ። ለምጣድ ወፍራም ሽቦና የራሱ መስመር ይዘርጋ፣ ያ እስኪሆን የጋገራ ተራ ይውጣ። ይሄ የአከራዩ ሥራ ነው።

ቆጣሪ ማይፈታው ተከራይም አለ። ንባቡ ፊቱ ታይቶ አልከፍልም ሚል፣ ወይ ከቆጣሪው በፊት ሽቦ ቀጥሎ ሚጠቀም። እዚ ጋ የአብዛኛው አከራይ እጅ ቀድሞ ሚሄደው ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ነው፣ መብራቱን ቆርጦ «ውጣ» ማለት። አይደረግም። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ አከራይ ተከራዩ ቤቱን በሰላም እንዲጠቀምበት የማድረግ ግዴታ ጥሎበታል፣ መብራት ስትቆርጥ ከበዳይ ተከራይ ጋር የነበረህ ጥሩ ክርክር በአንድ ማታ ይገለበጣል፣ ተበዳዩ እሱ ይሆናል። ይልቅ ያልከፈለውን ከነንባቡ በፅሁፍ አስፍሮ የመክፈያ ቀን መስጠት፣ ሰው ባለበት ማስረከብ፣ ካልሆነ የተመዘገበውን ውል ይዞ ወረዳ፣ ከዛም ፍርድ ቤት። ያሰለቻል፣ ግን ወረቀት ያለው ነው ሚሰማው። ለዚህም ሲባል የመብራት ብር በእጅ አትቀበሉ፣ በባንክ ወይ በቴሌብር «የጥቅምት መብራት» ተብሎ ይግባ።

ውሃም ተመሳሳይ ነው፣ እዛ ላይ ፈረቃው ይጨመራል። ውሃ በመጣ ሌሊት ሮቶውን ማን ሞላ፣ በርሜሉን ማን ሞላ፣ ልብስ ማን አጠበ ሚለው። ትንሽ የውሃ ቆጣሪም ይገጠማል፣ ግን ሮቶው የጋራ ከሆነ ቆጣሪው ከሮቶው በኋላ ወደየቤቱ በሚሄደው ቧንቧ ላይ ካልሆነ ምንም ጥቅም የለውም።

ተከራይ በገባ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ሁለቱም ባሉበት ፎቶ አንሱና ቁጥሩን ውሉ ላይ ፃፉት። ሲወጣም እንደዛው። ካርድ ያልሆነ ቆጣሪ ቢሉ ዘግይቶ ነው ሚመጣው፣ ሰውየው እቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ የመጨረሻውን ወር ሂሳብ ስልክ እየደወሉ መለመን አለ፣ ስለዚ በወጣበት ቀን ንባቡን ወስዳችሁ ባለፈው ወር አማካይ ዋጋ አስልታችሁ ቁልፍ ሳትቀበሉ ጨርሱት፣ ቢሉ ሲመጣ ልዩነት ካለ በቴሌብር ትተራረማላችሁ።