ፓይተንና ሜሞሪ ሊክ፦ ብዙዎቻችን የምንስታቸው ነገሮች

ማታ አስነስታችሁት የተኛችሁት የፓይተን ፕሮግራም ጠዋት ሞቶ ይጠብቃችኋል። የስህተት መልእክት የለም። ተርሚናሉ ላይ «ኪልድ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ያጠፋልና። የማይፈለግ ሜሞሪ ሳይለቀቅ እየተጠራቀመ ሲሄድ ሜሞሪ ሊክ ይባላል። ይህ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለግሁት የተሳሳተ ቦታ ነበር። ስለ ፓይተንና ስለ ሜሞሪ የማምነው ነገር ራሱ ልክ አልነበረም። ዛሬም ከጀማሪዎች ጋር ስናወራ እነዚያኑ እምነቶች እሰማለሁ።

«ፓይተን ራሱ ስለሚያጸዳ ሊክ የለበትም»

በሲ ቋንቋ ሜሞሪ ወስዳችሁ አድራሻውን ከጣላችሁት፣ ያ ቦታ ጠፋ። ማንም አያስለቅቀውም። በተለመደው የፓይተን ኮድ ይህ አይደርስባችሁም። ፓይተን እያንዳንዱን ኦብጀክት ስንት ሪፈረንስ (ወደ እሱ የሚጠቁም ስም ወይም ሌላ ኦብጀክት) እንደያዘው ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ወዲያው ያስለቅቀዋል። እርስ በርስ ስለተያያዙ ቁጥራቸው ዜሮ የማይደርሰውን ደግሞ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 2.0 ጋር የመጣው ጋርቤጅ ኮሌክተር እየዞረ ያነሳቸዋል።

ግን ሁለቱም የሚያነሱት ማንም ያልያዘውን ነው። የተያዘውን አይነኩም፣ ባይፈለግም እንኳ። አንድ ዲክሽነሪ ውስጥ ከታችሁ የረሳችሁትን ነገር ፓይተን እንደ አደራ ዕቃ ይጠብቅላችኋል። መርሳታችሁን በምን ያውቃል? ስለዚህ ሊክ ስትፈልጉ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ ማን ይዞታል?

ያዦቹ ብዙ ጊዜ የታወቁ ናቸው። ሞጁሉ አናት ላይ የተቀመጠ ሊስት አንዱ ነው። ገደብ የሌለው ካሽ (ውጤት እንደገና እንዳይሰላ የሚቀመጥበት) ሌላው። የፓይተኑ «ኤልአርዩ ካሽ» ካልነካችሁት 128 ውጤት ብቻ ይይዛል፤ ማክስሳይዙን (የመጠን ጣሪያውን) «ነን» (None) ካላችሁት ግን ማቆሚያ የለውም። ፓይተን 3.9 ላይ የመጣው አጭሩ «ካሽ» ዲኮሬተርም እንደዚያው ነው። ክላስ ውስጥ ባለ ሜተድ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ «ሴልፍ» ከቁልፉ ጋር ስለሚገባ ኦብጀክቱ ራሱ አብሮ ይታሰራል። ጃንጎ የሚባለውን የዌብ ፍሬምወርክ የምትጠቀሙም ልብ በሉ። ዲበግ የሚባለው የስህተት መፈለጊያ ማስተካከያ ክፍት ከሆነ ወደ ዳታቤዝ የተላከው ጥያቄ ሁሉ ይመዘገባል። ዌብ ላይ እያንዳንዱ ሪኩዌስት ሲጀምር ስለሚጸዳ አይታያችሁም። ለሰዓታት በሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ ግን ይከማቻል። አሁን የ9000 ጥያቄ ጣሪያ አለው፤ ጥያቄዎቹ ረጃጅም ከሆኑ ያም ቀላል አይደለም።

«ዴል ካልኩ፣ ወይም ጂሲ ኮሌክት ከጠራሁ ይለቀቃል»

ዴል የሚባለው የመሰረዣ ትእዛዝ የሚያጠፋው ስሙን ነው። ሌላ ሰው ኦብጀክቱን ከያዘው ኦብጀክቱ አለ። ጋርቤጅ ኮሌክተሩን በእጅ የሚያስነሳው ጂሲ ኮሌክትም የተያዘ ነገር አይነጥቅም። ኮዱን በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች መሙላት ጊዜ ማባከን ነው።

«የፕሮሰሱ ሜሞሪ ካልወረደ ሊክ አለ»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያደክማል፣ ምክንያቱም የሌለ ነገር ፍለጋ ያስገባል። ፓይተን እስከ 512 ባይት ለሆኑ ትናንሽ ኦብጀክቶች ከሲስተሙ ሰፋ ያለ ቦታ በአንዴ ይወስዳል። ይህ ቦታ አሪና ይባላል። ድሮ 256 ኪሎባይት ነበር፤ ከፓይተን 3.10 ጀምሮ 1 ሜጋባይት ነው። አሪናው የሚመለሰው ጨርሶ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። በኮንትራት የተያዘ አውቶቡስ አስቡ። ሁሉም ወርዶ አንድ ሰው ቢቀር አውቶቡሱ አይሰናበትም።

ለመለየት ያንኑ ሥራ ደጋግማችሁ አሠሩት። ሜሞሪው ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከረጋ ደህና ነው። በየዙሩ ተመሳሳይ መጠን እየጨመረ ከሄደ ሊክ ነው።

«ሊኩ ያለው ሜሞሪው የተወሰደበት መስመር ላይ ነው»

እኔን ሁለት ቀን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። ትሬስማሎክ የሚባል መሣሪያ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አብሮ ይመጣል። ፕሮግራሙ ሲጀምር ታስነሱታላችሁ። ትንሽ እስኪሞቅ ጠብቃችሁ አንድ ስናፕሾት (የዚያን ጊዜ የሜሞሪ ምስል)፣ ሥራውን መቶ ጊዜ አሠርታችሁ ሌላ ስናፕሾት። ከዚያ ሁለቱን ታወዳድራላችሁ። የትኛው መስመር ላይ ስንት እንደጨመረ ይነግራችኋል። ሲነሳ 25 የሚል ቁጥር ብትሰጡት ወደዚያ መስመር ያደረሰውን የጥሪ ሰንሰለትም እስከ 25 ደረጃ ያሳያል። ፕሮግራሙን ስለሚያዘገይ ሁልጊዜ ክፍት አትተዉት።

ለእኔ ያሳየኝ የጄሰን ፋይል የሚያነበውን መስመር ነበር። መስመሩን ስንት ጊዜ ገለባበጥኩት! ምንም ጥፋት የለበትም። ትሬስማሎክ ዕቃው የት እንደተወለደ እንጂ ማን እንደያዘው አይናገርም። ያንን ለማወቅ የጂሲ ሞጁል «ጌት ሪፈረርስ» አለ፤ ኦብጅግራፍ የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ የያዦቹን ሰንሰለት በሥዕል ያወጣል። በሥዕሉ ስከተል የደረስኩት «ስህተቶች» የሚል ሊስት ላይ ነው። ያልተነበቡ ፋይሎችን በኋላ ለማየት ብዬ ኤክሴፕሽኖቹን እዚያ አጠራቅም ነበር። ኤክሴፕሽን ትሬስባኩን (ስህተቱ የተነሳበትን የጥሪ መንገድ) ይይዛል። ትሬስባክ ፍሬሙን (የአንድ ፋንክሽን ጥሪ መዝገብ)፣ ፍሬም ደግሞ በፋንክሽኑ ውስጥ የነበሩትን ተለዋዋጮች በሙሉ። በእያንዳንዱ ትንሽ ስህተት ጀርባ አንድ ሙሉ ፋይል ተንጠልጥሎ ነበር። በኤክሴፕሽኑ ፋንታ ጽሑፉን ብቻ ሳስቀምጥ ሜሞሪው ረጋ።

«ትሬስማሎክ ካላየው የለም»

በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ከፓይተን አሎኬተር (ሜሞሪ አዳዩ) ውጪ ሜሞሪ ከወሰደ ትሬስማሎክ አያየውም። የፕሮሰሱ ሜሞሪ እየወጣ የትሬስማሎክ ቁጥር ባለበት ከቆመ ወደዚያ ጠርጥሩ። ብሉምበርግ በ2022 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው ሜምሬይ የሚባል መሣሪያ የሲውንም ጎን ያሳያል። ሊኑክስና ማክ ላይ ይሠራል።

«ወርከሩን በየጊዜው እንደገና ማስነሳት ማጭበርበር ነው»

አይደለም። የዌብ ሰርቨሩ ጉኒኮርንም የጀርባ ሥራዎችን የሚያስኬደው ሴለሪም ወርከሩ (ሥራውን የሚሠራው ፕሮሰስ) ይህን ያህል ሥራ ከሠራ በኋላ በአዲስ እንዲተካ የሚያደርግ ቁጥር አላቸው። ሌሊት ሰርቨሩ እንዳይወድቅ ያንን ማስገባት ተገቢ ነው፤ ፍለጋውን ግን አያስቀርም። ጉኒኮርን ላይ «ማክስ ሪኩዌስትስ» (ያ ቁጥር) ስትሉ ቁጥሩን ለየወርከሩ በዘፈቀደ የሚያለያየውን «ጂተር» የሚለውንም አብራችሁ ሙሉ። አለበለዚያ ወርከሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊነሱና ሊወርዱ ይችላሉ።