የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተቀባዮች በቤት እንስሳት እና የቫይረሱ ከዝርያ ወደ ዝርያ መሻገር

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ ወደ ሕዋስ ለመግባት በመጀመሪያ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር መጣበቅ ይኖርበታል። ይህን የሚፈጽመው ሄማግሉቲኒን በተባለው ፕሮቲኑ አማካኝነት ሲሆን፣ የሚጣበቀውም በሕዋሱ ገጽ ላይ ባሉት የስኳር ሰንሰለቶች ጫፍ ከሚገኘው ሲያሊክ አሲድ ጋር ነው። ተቀባይ የሚባለው ይህ አሲድ ከሰንሰለቱ ጋር በዋናነት በሁለት ዓይነት ትስስር ይያያዛል። የዱር ዳክዬዎችንና ዶሮዎችን የሚያጠቁ ቫይረሶች በአብዛኛው አልፋ 2፣3 የተባለውን፣ በሰው መካከል የሚዛመቱት ደግሞ አልፋ 2፣6ን ይመርጣሉ። ይህን ምርጫ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1968 ወረርሽኝ ያስነሡት ቫይረሶች ከሰው ተቀባይ ጋር የተስማሙት በሄማግሉቲኒናቸው 226ኛና 228ኛ ቦታዎች ላይ የነበሩት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች) በመቀየራቸው ነበር።

በሰው አፍንጫና የላይኛው መተንፈሻ ቧንቧ አልፋ 2፣6 ሲበዛ፣ አልፋ 2፣3 በብዛት የሚገኘው በሳንባ ጥልቅ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን የገደለው ኤች5ኤን1 የወፍ ጉንፋን፣ የያዘውን ሰው እጅግ የሚያከፋ ሆኖ ሳለ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ያልተላለፈበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አሳማ ሁለቱም ተቀባዮች ስላሉት የወፍና የሰው ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ተገናኝተው ዘረ መል የሚለዋወጡበት እንስሳ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ሲገለጽ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሜክሲኮ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው የኤች1ኤን1 ቫይረስ ዘረ መል በአሳማዎች ውስጥ ሲዘዋወሩ ከነበሩ የቫይረስ ዘሮች የተውጣጣ መሆኑም ለዚህ ድጋፍ ሰጥቷል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች በአሳማ መተንፈሻ አካል ያለው የተቀባዮች አቀማመጥ ከሰው ጋር በእጅጉ እንደሚመሳሰል፣ ድርጭትና ዶሮም ሁለቱንም ዓይነት እንደያዙ ስላሳዩ፣ አሳማን ብቻ ነጥሎ መጠርጠር ተገቢ አይመስልም።

በፈረስ መተንፈሻ ቧንቧ የሚበዛው ሰው የማያመርተው የሲያሊክ አሲድ ዓይነት ነው። ይህም ሆኖ የፈረስ ኤች3ኤን8 ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ለእሽቅድምድም በሚረቡ ውሾች ላይ ተገኝቷል፤ ከዚያም ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን ቀጠለ።

የቆየውን ግምት ከሁሉ በላይ ያናጋችው ግን ላም ናት። የቀንድ ከብት በኢንፍሉዌንዛ ኤ እምብዛም አይያዝም ይባል ነበር፤ ምርምሩ ያተኮረውም በአፍንጫና በሳንባ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቫይረሱ በላም ግት ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ እንደሚራባ በሙከራ ታይቶ የነበረ ቢሆንም፣ ውጤቱ ለአሥርት ዓመታት ትኩረት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በቴክሳስና በካንሳስ የሚታለቡ ላሞች መኖ መተው ጀመሩ፤ ወተታቸው በድንገት ቀነሰ፣ ወፍሮና ቢጫ ሆኖም እንገር መሰለ። ምርመራው ኤች5ኤን1 መሆኑን ሲያረጋግጥ እጅግ ብዙ ቫይረስ የተገኘው በወተቱ ውስጥ ነበር። ቀጥሎ የተደረጉ ጥናቶች በግት ውስጥ ወተት የሚያመነጩት ሕዋሳት አልፋ 2፣3 ተቀባይ በብዛት እንዳላቸው፣ አልፋ 2፣6ም በዚያው እንደሚገኝ አሳይተዋል። በሽታው ከላም ወደ ላም የተዛመተው በዋናነት በወተትና በማለቢያ መሣሪያዎች ንክኪ እንደሆነ ይታመናል፤ ጥሬ ወተት የጠጡ የእርባታው ድመቶችም ታመው ብዙዎቹ ሞተዋል። ከተያዙት የእርባታ ሠራተኞች በአብዛኞቹ ላይ የታየው ዋና ምልክት የዓይን መቅላት ሲሆን፣ ይህም የዓይን ሽፋን የአልፋ 2፣3 ተቀባይ ያለው ከመሆኑ ጋር ይስማማል። ፓስተራይዜሽን (ወተትን በተወሰነ ሙቀት ማሞቅ) ቫይረሱን ያጠፋዋል፤ ማፍላትም እንዲሁ፣ ይህም ወተት ሳይፈላ መጠጣት በተለመደባቸው የአገራችን አካባቢዎች ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ተቀባይ መኖሩ ብቻውን ግን ለመሻገር አይበቃም። ሕዋስ የገባ ቫይረስ በዚያ ሕዋስ ፕሮቲኖች ተጠቅሞ መባዛት አለበት፤ የወፍ ቫይረሶች በአጥቢ እንስሳት ውስጥ ይህን እንዲችሉ ፒቢ2 በተባለው ፕሮቲን 627ኛ ቦታ ላይ የሚከሰት ለውጥ ብዙ ጊዜ ይረዳቸዋል። ሲያሊክ አሲድን ጭራሽ የማይሹም አሉ፤ በሌሊት ወፎች የተገኙት ኤች17 እና ኤች18 ቫይረሶች ወደ ሕዋስ የሚገቡት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አካል በሆኑ ፕሮቲኖች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያልተቀነባበረ ወተት ናሙና በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲመረመር ባዘዘ ጊዜ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትትል ከአፍንጫ ናሙና ባሻገር የወተት ማጠራቀሚያ ታንከሮችንም የሚያካትት ሆነ።