«መንግሥት አንድ ብር አያወጣም» እና ሌሎች ስለ ፒፒፒ ሆስፒታል የሚወሩ ነገሮች

እንጀራዬ ሆስፒታል ማቀድ ነው፣ ማለትም አርክቴክቱ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ስንት አልጋ፣ ስንት ነርስ፣ በዓመት ስንት ብር የሚለውን የሚያሰላው ሰውዬ እኔ ነኝ። ሰርግ ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት ስራዬን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚለኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ታዲያ የኛ ወረዳ ሆስፒታል ለምን በፒፒፒ አይሰራም? ባለሀብት ይገነባዋል፣ መንግሥት አንድ ብር አያወጣም!» (ፒፒፒ የሚሉት የመንግሥትና የግል አጋርነትን ነው።) ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንድ የሚያብረቀርቅ የሕንፃ ስዕል ይለቀቅና ሰው ሁሉ ስሩ «እግዚአብሔር ይስጥልን» እያለ ይሰለፋል፣ ማን ነው የሚከፍለው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በቃ ሰለቸኝ፣ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንን ልላክለት።

«ፒፒፒ ማለት ሆስፒታሉን መሸጥ ነው»

አይደለም። ብዙውን ጊዜ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ይቆያል፣ የግሉ ወገን ገንብቶ ለ15 ወይ ለ20 ወይ ለ25 ዓመት ያስተዳድርና ያስረክባል። ታካሚው የሚከፍለውም ኮንትራቱ ላይ የሚወሰን ነው፣ ባለሀብቱ ጠዋት ተነስቶ አይጨምርም።

«እኛ ጋ ሕጉ የለም»

አለ። አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጥቷል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ይሄንኑ የሚከታተል ክፍል አለ፣ የአዋጭነት ጥናት ይጠይቃል፣ የቦርድ ይሁንታ ይጠይቃል፣ ጨረታ ይጠይቃል። አንድ ኢንቨስተር ከወረዳው አስተዳዳሪ ጋር ማኪያቶ እየጠጣ የፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ፒፒፒ አይደለም፣ ፎቶ መነሻ ነው።

«ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ ስለሚሰራው መንግሥት አንድ ብር አያወጣም»

እሺ፣ አሁን ወደ ህመሜ።

መጀመሪያ ነገር ባለሀብቱ አብዛኛውን ገንዘብ የሚያመጣው ከኪሱ አይደለም፣ ከባንክ ተበድሮ ነው። ባንኩ ደግሞ ለምን አበደረው? መንግሥት «ሆስፒታሉ ስራ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ በየዓመቱ ይሄን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ ስለፈረመ ነው። ያቺ ዓመታዊ ክፍያ ውስጥ የግንባታው ብድር አለ፣ ወለዱ አለ፣ የባለሀብቱ ትርፍ አለ፣ ጥገና አለ፣ ሕክምናውንም እሱ የሚሰጥ ከሆነ የሐኪምና የነርስ ደሞዝ፣ መድኃኒት፣ ኦክሲጅን ምናምን ሁሉ አለ፣ በዛ ላይ በየዓመቱ ከዋጋ ግሽበት ጋር አብራ ትወጣለች። ከዚህ ለማምለጥ ያለው ሌላ መንገድ ታካሚው ራሱ እንዲከፍል ማድረግ ነው፣ ወረዳ ላይ ያለው ታካሚ ደግሞ የማህበረሰብ ጤና መድን መዋጮውንም በጭንቅ የሚከፍል ገበሬ ነው፣ ከሱ ኪስ የሕንፃ ብድር አይወጣም። ስለዚህ ከፋዩ መንግሥት ነው፣ መንግሥት ማለት ደግሞ ግብር የምትከፍሉት እናንተ። ፒፒፒ የሚቀይረው የምትከፍሉበትን ጊዜ ነው፣ ሌላም የሚቀይረው ነገር አለ እመጣበታለሁ፣ ክፍያውን ግን አያጠፋውም።

አንድ ከተማ ላይ የልማት ኮሚቴ ጠርቶኝ ሄድኩ። ከውጭ የመጣ ድርጅት ያዘጋጀው ወፍራም ፕሮፖዛል ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ሁሉም የፊት ለፊቱን ስዕል አይቷል፣ ከኋላ ያለውን የክፍያ ሰንጠረዥ ግን የገለጠው የለም። ገልጬ አሳየኋቸው። መንግሥት በየዓመቱ በዶላር እንዲከፍል፣ አልጋው ባይሞላም እንደሞላ ተቆጥሮ እንዲከፍል ይላል። ሲነገራቸው የነበረው «ነፃ» ማለት ይሄ ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ዱቤ ነው አትሉንም ነበር!» አሉ። ከዛ ሁሉ ምሁር መሀል ነገሩን በአንድ ቃል የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

እኔ ፀረ ፒፒፒ እንዳልመስላችሁ የሌሶቶን ላውራ፣ ምክንያቱም አፍሪካ ውስጥ ይሄን ነገር በትልቁ የሞከረችው እሷ ናት፣ ሆስፒታል በፒፒፒ የሚል ሰው ሁሉ ይሄንን ሳያውቅ አፉን ባይከፍት ደስ ይለኛል። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ የሚባል ያረጀ ሆስፒታል ነበር። በዓለም ባንክ ቡድን ስር ያለው አይኤፍሲ አማካሪ ሆኖ በፈረንጆቹ 2008 (የውጭ አገሮቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እሱን የሚተካ አዲስ ሆስፒታል ለመስራትና ለማስተዳደር የ18 ዓመት ኮንትራት ተፈረመ፣ የግሉ ወገን ጼፖንግ የሚባል ጥምረት ነው፣ ትልቁን ድርሻ 40 ከመቶውን የያዘው የደቡብ አፍሪካው የግል ሆስፒታል ኩባንያ ኔትኬር ነበር፣ ብድሩ በዋናነት ከደቡብ አፍሪካ ልማት ባንክ መጣ፣ ከግንባታው ወጪ ከፊሉን ደግሞ መንግሥት ራሱ ከፈለ (አንድ ብር አያወጣም የምትሉ፣ እዚህ ጋ አንብቡ)። አዲሱ ሆስፒታል፣ ንግሥት ማሞሃቶ መታሰቢያ የሚባለው፣ በ2011 ተከፈተ። ታካሚው የሚከፍለው ድሮ በሌላው የመንግሥት ሆስፒታል ከሚከፍለው አልጨመረም።

ሕክምናውስ? ተሻለ፣ ያውም በጣም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባጠኑት መሰረት ከድሮው ሆስፒታል ጋር ሲነጻጸር የሞት መጠኑ በ41 ከመቶ ቀነሰ። ስለዚህ «የግል ከገባበት ጥራት ይወድቃል» የሚለውም ወሬ እዚሁ ይቀበር።

ችግሩ የመጣው ከሂሳቡ ነው። ኮንትራቱ በዓመት እስከ 20,000 ተኝቶ ታካሚና እስከ 310,000 ተመላላሽ ታካሚ በቋሚው ክፍያ ይታከማል ይላል፣ ከዛ በላይ ለመጣ ሰው ተጨማሪ ይከፈላል። ቆንጆ ሆስፒታል ከፍታችሁ ሰው አይመጣም ብላችሁ ካላሰባችሁ በስተቀር ቀጥሎ የሆነውን መገመት አይከብድም፦ መጣ። ከገደቡ አለፈ። ተጨማሪው ክፍያ፣ ግሽበቱ፣ የዘገየ ክፍያ ወለድ ተደራረበ፣ ኦክስፋም የሚባለው የእርዳታ ድርጅት በ2014 ባወጣው ሪፖርት ይሄ አንድ ሆስፒታል ከአገሪቱ የጤና በጀት 51 ከመቶውን እየወሰደ ነው አለ። ዓለም ባንክ ቁጥሩ ተጋኗል ብሎ ተከራክሯል፣ ይከራከር፣ ግን በዓለም ባንክ ስሌትም ቢሆን አንድ ከተማ ላይ ላለ አንድ ሆስፒታል ብዙ ነው፣ ተራራ ላይ ያለችው ጤና ጣቢያ ያጣችው ከዛው በጀት ነው። በ2021 ነርሶች የደሞዝ አድማ መቱ፣ ከ300 በላይ ነርሶች ተባረሩ፣ በዛው ዓመት መንግሥት 18 ዓመቱን ሳይጨርስ ኮንትራቱን አቋረጠው።

እዚህ ላይ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። የሌሶቶ ገንዘብ ሎቲ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ የታሰረ ነው፣ ብድሩም ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው፣ ስለዚህ የምንዛሬ ጣጣ አልነበረባቸውም፣ ያም ሆኖ ከበዳቸው። እኛስ? በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዛ በፊት በዶላር የሚከፈል የ20 ዓመት የሆስፒታል ኮንትራት ፈርመን ቢሆን ኖሮ አንድ አልጋ ሳይጨመር ሂሳቡ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የኛ አገር ፕሮፖዛል ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ገጽ ይሄ ነው፣ ክፍያው በብር ነው በዶላር፣ ምንዛሬ ሲዘል ማን ይሸከማል። መልሱ «ወደፊት በድርድር» ከሆነ መልሱ «እናንተ» ማለት ነው።

ሀብታም አገር ላይስ? እንግሊዝ ከ1992 ጀምሮ በዚህ መንገድ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ እስር ቤት ሁሉ ሰራች። በ2018 መጀመሪያ የአገሪቱ ኦዲተር እንዳስቀመጠው ከ700 በላይ ፕሮጀክቶች፣ ግንባታቸው ወደ 60 ቢሊዮን ፓውንድ የሚገመት፣ ገና የሚከፈለው ቀሪ ደግሞ 199 ቢሊዮን ፓውንድ። ልዩነቱ ሁሉ ወለድና ትርፍ አይደለም፣ ጥገናና ጽዳትም አለበት፣ ለእውነት ሲባል ይሄም መባል አለበት። ግን በዛው ዓመት መንግሥታቸው ከዚህ በኋላ አዲስ አንፈርምም አለ።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

ይሄ ጥያቄ ነው፣ ግን አሁን ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ልመልስ። እመጣበታለሁ ያልኩት ነገር ይሄ ነው፦ ሪስኩን፣ ማለትም ነገር ሲበላሽ የሚመጣውን ኪሳራ፣ የሚሸከመው ሰው ይቀየራል። በደንብ የተጻፈ ኮንትራት ላይ ሆስፒታሉ አልቆ አገልግሎት እስኪጀምር ክፍያ አይጀመርም፣ ስለዚህ መዘግየቱ የባለሀብቱን ኪስ ያቃጥላል። ጄነሬተሩ ካልሰራ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ከተዘጋ፣ ሊፍቱ ከቆመ ከክፍያው ይቆረጣል። ጥገና ለ20 ዓመት አስቀድሞ ተከፍሎበታል፣ እኛ ጋ ደግሞ በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥገና እንደሆነ የመንግሥት ሆስፒታል ሽንት ቤት የገባ ሰው ያውቃል። ዋጋ አለው። ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን ነው ጥናቱ መመለስ ያለበት፣ መንግሥት ራሱ ቢሰራው ስንት ያወጣል ከሚለው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ። ያ የንጽጽር ሰንጠረዥ የሌለው ፕሮፖዛል ከመጣላችሁ ለሻይ ጋብዟቸውና ሸኟቸው።

«የግል ስለሆነ አይቆምም፣ በጊዜው ያልቃል»

ካሪሊዮን። የእንግሊዝ ግዙፍ ኮንትራክተር ነበር፣ በፈረንጆቹ ጥር 2018 ከሰረ። ሮያል ሊቨርፑልና ሚድላንድ ሜትሮፖሊታን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ የፒፒፒ ሆስፒታሎች እንደተጀመሩ ቀሩ። አንዱ በ2022፣ ሌላው በ2024 ነው የተከፈተው፣ ያውም በመንግሥት ገንዘብ። ባለሀብቱ ሲከስር ሕንፃው የማን ነው፣ ማን ይጨርሰዋል የሚል አንቀጽ ኮንትራቱ ላይ ፈልጉ።

«ሕንፃው ከቆመ፣ ማሽኑ ከገባ ሆስፒታል ተሰራ»

ኬንያን ጠይቁ። በ2015 መንግሥት ለካውንቲዎቹ (የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው) የሕክምና መሳሪያ በኪራይ አስገባ፣ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት)፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል)፣ ራዲዮሎጂ፣ የ7 ዓመት ኮንትራት ተብሎ። አንዳንዱ ካውንቲ ላይ በቂ መብራትና ውሃ የለም፣ ሌላው ላይ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ የለም፣ ማሽኑ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ኪራዩ ግን ይቆረጣል። ነገሩ ሴኔት ድረስ ሄዶ ትልቅ ምርመራ ሆነ።

የኛዎቹ ኮሚቴዎች ደግሞ ሁልጊዜ 200 አልጋ ነው የሚፈልጉት፣ ለምን 200 እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ክብ ቁጥር ስለሆነ መሰለኝ። በኛ ደረጃ መሰረት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው ነው የሚያገለግለው። ወረዳችሁ 90,000 ሰው ካለው የምትፈልጉት የመጀመሪያ ደረጃ ነው፣ እናት በሰላም የምትወልድበት፣ ቄሳሪያንና ትርፍ አንጀት የሚሰራበት፣ ደም የሚገኝበት። ስለዚህ እባካችሁ ከስዕሉ በፊት ይሄን ቁጠሩ፦ ጤና ጣቢያዎቹ አሁን በወር ስንት ሰው ሪፈር ይጽፋሉ፣ ሰው ሪፈር ይዞ የት ይሄዳል፣ ውሃው ከየት ይመጣል (የቦኖ ውሃ ለላውንድሪ አይበቃም)፣ የመብራት መስመሩ ስንት ቀን ይቆማል፣ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪሙ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖርበት ቤት አለ ወይ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን ሐኪም አጥቶ የተቆለፈ ኦፕራሲዮን ክፍል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፕላስቲክ ገና አልተነሳም ነበር።

«ፒፒፒ ትልቅ ፕሮጀክት ብቻ ነው»

ይሄም ውሸት። ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የታካሚ ምግብ ለግል ድርጅት በኮንትራት የሰጡ ሆስፒታሎች አሉን። ላውንድሪ ወይ ላብራቶሪ ላይ የሦስት ዓመት ኮንትራት ጽፎ፣ ተከታትሎ፣ ጥፋት ሲገኝ ክፍያ መቁረጥ ያልቻለ ቢሮ የ20 ዓመት ኮንትራት ልፈርም ሲል እኔ አልፈርምም።

«ዲያስፖራው አዋጥቶ ከሰራው ፒፒፒ ነው»

ስጦታ ነው። ተመላሽ የለው፣ ወለድ የለው፣ ከአብዛኛው ፒፒፒ የረከሰ ነው፣ ተባረኩ። ግን ዋሽንግተንም ሆናችሁ ዱባይ ገንዘብ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት የክልሉ ጤና ቢሮ ሆስፒታሉን ተረክቦ ደሞዙንና መድኃኒቱን በየዓመቱ በጀት እንደሚይዝለት በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ፣ በቃል አይበቃም፣ ኃላፊው ይቀየራል። ሲቲ ስካኑን ደግሞ ከሁሉ በኋላ ግዙት።