«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»

ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ውል በጥድፊያ ተፈርሞ በወሩ ሲፈርስ፣ ከዳር ሆኖ ያየ ሰው «ምን ይደረግ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል። ለተጎዳው ሰው እንኳ ብዙም አያጽናናም።

መነሻው ከአለባበሳችን ነው። መቀነትም ሆነ ድግ ረጅም ጨርቅ ነው፤ ወገብ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል። እንዲጠብቅ ቆም ብሎ፣ ጫፉን ይዞ፣ እያንዳንዱን ዙር ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። እየሮጠ የጠመጠመው ሰው ዙሩ ይላላበታል። ከዚያ ሸክም ይዞ ወይም ዳገት ላይ ሳለ እግሩ ሥር ይዘረገፋል።

ብዙዎቻችን «አትቸኩል» ለማለት እንጠቀምበታለን። ለዚያማ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለልን። ይህኛው ሩጫውን አልነቀፈም፤ የሚጠይቀው መቼ ታጠቅህ ብሎ ነው።

አሜሪካዊቷ የወንጌል ዘማሪና ጊታር ተጫዋች ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በአውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1964 እንግሊዝ አገር ማንችስተር ላይ የተቀረጸችውን ያየ ልዩነቱ ይገባዋል። የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን አገልግሎት ያቆመ ባቡር ጣቢያ ወስዶ የአሜሪካ ደቡብ አስመስሎታል። ተመልካቹ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ሙዚቀኞቹ ወዲያ ማዶ። ዝናቡ ወረደ። ታርፕ መክፈቻዋን እዚያው ቀየረችና የኖኅን የጥፋት ውኃ የሚያነሳውን «ዲድንት ኢት ሬይን» (አልዘነበም ወይ) የተባለ መዝሙር ያዘች። በፈረስ ጋሪ መጥታ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታሯን አንግታ ገባችበት። መሐል ላይ ዘፈኑን ትታ ጊታሩን ብቻ ስታናግረው ማየት ነው! ማዶ ያሉት ወጣት እንግሊዞች ጭብጨባውን ያቀልጡታል።

ላዩን ላየው ሲሮጡ መታጠቅ ነው። ግን ታርፕ በ1915 አርካንሳ ውስጥ ተወልዳ፣ ወንጌል ሰባኪ ከነበረችው እናቷ ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየጉባኤው ጊታር ስትመታ ያደገች ናት። መዝሙሩንም በ1940ዎቹ ከዘማሪት ማሪ ናይት ጋር በሸክላ አስቀርጻዋለች። በዚያ ዝናብ ውስጥ ስትቆም 49 ዓመቷ ነበር፤ ድጉን የታጠቀችው ገና ዱሮ ነው።

ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባ ዕቅዱን ድንገት ስለቀየረ ብቻ ይህን ተረት መወርወር አይገጥምም። ሴሚስተሩን ሙሉ ተኝቶ ለፈተናው ዋዜማ ደብተር ለሚዋስ ተማሪ ግን ልክክ ይላል።